ከደብሊን የሁለት ቀን ጉዞ፦ ጃይንትስ ኮዝዌይ ወይስ ጎልዌይ?

የደጀን ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አየርላንድ ያላችሁ እስቲ አንድ ነገር አማክሩኝ።

ደብሊን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። መስከረም ላይ ነው የመጣሁት። እስካሁን የማውቀው አየርላንድ ክፍል፣ ላይብረሪና ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሃን የማጥብበት ምግብ ቤት ነው። አንድ እሁድ በዳርት ባቡር ሃውዝ ድረስ ሄጄ ባሕር አይቻለሁ፤ በቃ።

አሁን የክፍላችን የውጭ ተማሪዎች በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻ ባለው ቅዳሜና እሁድ አብረን እንውጣ ብለዋል። 14 ነን። ብራዚላዊ አለ፣ አሜሪካውያን አሉ፣ ሕንድ፣ ናይጄሪያዊ፣ አንዲት ቬትናማዊትም አለች። ዋትሳፕ ላይ ድምፅ እየተሰጠ ነው። ግማሹ ወደ ሰሜን ወጥተን ጃይንትስ ኮዝዌይ የሚባለውን የድንጋይ ምሰሶ እንይ ይላል። ግማሹ ወደ ምዕራብ፣ ጎልዌይና የሞኸር ገደል ይላል። ባሕሩንም ገጠሩንም ማየት ነው የምንፈልገው፤ ከተማ ለከተማ መዞር አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ መጀመሪያ ወረቀቱ ነው። ሰሜን አየርላንድ በዚህ አይ.አር.ፒ. በሚሉት የአየርላንድ መኖሪያ ፈቃድ ካርድ ይገባል? አሜሪካዊው «ድንበር ላይ ማንም የለም፣ ዝም ብለህ ና» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ሁዳዴ ነው። ገጠር ወርጄ ምን እበላለሁ? ኪሴም ያው የተማሪ ኪስ ነው።

የድንጋይ ተማሪ፦

ቤልፋስት ነኝ፣ ጂኦሎጂ ነው የማጠናው። ስለዚህ ጥያቄህ ለእኔ የተላከ ነው የሚመስለው።

ወረቀቱን አስቀድመህ በማሰብህ ጎበዝ። ጃይንትስ ኮዝዌይ ያለው በብሪታንያ ሥር ባለችው ሰሜን አየርላንድ ነው። የደብሊኑ ካርድህ እዚህ አይሠራም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘህ ለመግባት የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልግሃል፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላም ቢሆን። በሁለቱ አገሮች መካከል በነፃ የመንቀሳቀስ ስምምነት አለ ሲባል ትሰማ ይሆናል። አለ፤ ግን ለአይሪሽና ለብሪታንያ ዜጎች ነው።

አሜሪካዊው አልዋሸህም። እውነትም ድንበር ላይ ኬላ የለም። መሻገርህን የምታውቀው የመንገዱ ዳር ቢጫ መስመር ነጭ ሲሆን፣ የፍጥነት ምልክቱም ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲለወጥ ነው። ግን እሱ በፓስፖርቱ ቪዛ አይጠየቅም፤ ብራዚላዊውም እንደዚያው። አንተ፣ ናይጄሪያዊው፣ ሕንዱና ቬትናማዊቷ ትጠየቃላችሁ። አውቶቡስ አስቁመው ወረቀት የሚያዩበት ጊዜ አለ፤ ወደዚህ ስትመጣም፣ ወደዚያ ስትመለስም። ነገ ለእንግሊዝ ቪዛ ስታመለክት ደግሞ ያለፈቃድ ገብተህ መገኘትህ መዝገብ ላይ ይጠብቅሃል። ለድንጋይ ብለህ እዚህ ውስጥ አትግባ።

ድንጋዩ ግን ድንጋይ ነው! ወደ 40,000 የሚጠጉ የባዛልት ምሰሶዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ስድስት ጎን። ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ፣ ተሰንጥቆ እንደዚያ ቀረ። የአገሩ ሰው ግን ፊን ማኩል የሚባል ግዙፍ ወደ ስኮትላንድ ሊሻገርበት የሠራው መንገድ ነው ይላል። እንዳይቆጭህ አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ የቆምከው ባዛልት ላይ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ዋናው ክፍል ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በወጣ ላቫ የተነጠፈ ነው። ጢስ ዓባይም የሚወድቀው ከላቫ ድንጋይ ላይ ነው።

እኔም በበኩሌ በእንግሊዝ ቪዛዬ ወደ እናንተ መሻገር አልችልም። ሞኸርን በፎቶ ነው የማውቀው።

የደጀን ልጅ፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ቪዛው ነገሩን ጨረሰው። ግሩፑ ላይ ጻፍኩት፤ ሕንዱም ናይጄሪያዊውም ሳያውቁ ሊሄዱ ነበር። እንግዲህ ምዕራብ ነው። ምን እናድርግ?

ቆሎ በኪሴ፦

ቀላል ነው። የቀን ቱር አውቶቡስ ያዙ። ጠዋት በጨለማ ከደብሊን ትነሳላችሁ፣ ሞኸርን ታያላችሁ፣ ጎልዌይ ላይ ትንሽ ትንሸራሸራላችሁ፣ ማታ አልጋችሁ ላይ ናችሁ። የማደሪያ ወጪ የለ፣ ምን የለ። እሁድን ደግሞ ተኙበት። እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት፤ ፎቶዬም አሪፍ ወጥቷል።

ጎልዌይ ያለችው፦

ቆሎ በኪሴ ወንድሜ አትቀየመኝ እንጂ ይሄ የመንገድ ጉብኝት ነው። ከደብሊን እስከ ሞኸር በትንሹ ሦስት ሰዓት ነው። መመለሻውን ደምርበት። ገደሉ ጋ ሰዓት ቆጥረው ይለቁሃል፤ ግማሹን ሽንት ቤት ተሰልፈህ ትጨርሰዋለህ። ባሕርና ገጠር ላለ ሰው ይሄ አይሆንም።

የደጀን ልጅ፣ እኔ እዚሁ ጎልዌይ ነው የተማርኩት፤ አሁንም እዚሁ ነኝ። የእንስሳት እርባታ ሰው ስለሆንኩ ወሬዬ ወደ ላም ካዘነበለ ቻለኝ።

ዓርብ ማታ ከክፍል ስትወጡ አውቶቡስ ያዙ። ጎልዌይ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ቀድማችሁ በኢንተርኔት ከቆረጣችሁ ዋጋው አይጎዳም። አየር ስኩዌር አካባቢ ሆስቴል ፈልጉ። ኩሽና ያለው ይሁን፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሃለሁ። እዚያው ሁለት ሌሊት እደሩ። ሻንጣ ይዞ ከቦታ ቦታ መዞር ለ14 ሰው ጣጣ ነው።

ቅዳሜን ለበረን ስጡት። በረን ማለት ከጎልዌይ ባሕረ ሰላጤ በስተደቡብ፣ ክሌር በሚባለው አውራጃ ውስጥ ያለ የኖራ ድንጋይ አገር ነው። መጀመሪያ ስታየው ተራራው መላጣ ይመስልሃል። ግራጫ ድንጋይ፣ ከዚያ ግራጫ ድንጋይ፣ ከዚያ ባሕር። በፈረንጅ 1651 አየርላንድን የወረረው የእንግሊዙ ክሮምዌል ጦር አዛዥ የነበረው ለድሎ እዚህ ደርሶ፣ ሰው የሚሰጥምበት ውሃ፣ ሰው የሚሰቀልበት እንጨት፣ ሰው የሚቀበርበት አፈር የሌለበት አገር ነው ብሎ ነበር። የሰውዬው ሐሳብ ምን ላይ እንደነበር እዩልኝ!

ግን ይሄው ሰው ከብቶቹ ወፍራም መሆናቸውንም መዝግቧል። ድንጋዩ መሃል ለመሃል ስንጥቅጥቅ ነው። ጎንበስ ብለህ ስንጥቁ ውስጥ ብታይ ሣር አለ፣ ፈርን አለ። የሰሜን ዋልታ አካባቢ አበባና የሜዲትራንያን አበባ ጎን ለጎን ይበቅሉበታል። አንዲት ጄንሺያን የምትባል ደማቅ ሰማያዊ አበባ አለች። እሷ ግን በፈረንጅ አፕሪል መጨረሻና ሜይ ላይ ነው የምትፈካው፤ እናንተ ትቀድሟታላችሁ። ከፋሲካ በኋላ ብትመጡ ኖሮ ሁለት ወፍ ነበር።

አሁን ወደ ላሜ ልሂድ። ሌላው ዓለም ከብቱን በበጋ ወደ ተራራ ያወጣል፣ ክረምት ሲመጣ ያወርዳል። በረን ተገላቢጦሽ ነው። ክረምቱ ሲገባ ያወጡታል፣ ጸደይ ላይ ያወርዱታል። ዊንተሬጅ ይሉታል። ምክንያቱም ድንጋዩ የበጋውን ሙቀት ይዞ ይቆያል፤ ውሃም ስለማይቋጥር ከብቱ ደረቅ ላይ ይተኛል። ያ ከብት ክረምቱን ሙሉ የደረቀውን ሣር ይግጥና ያነሳዋል፤ ጸደይ ሲመጣ ለትንንሾቹ አበቦች ብርሃን ይደርሳቸዋል። ላሙ ቢቀር አበባው ይቀራል ማለት ነው። በማርች መጨረሻ ስትመጡ ከብቶቹ ገና ተራራው ላይ ናቸው። ድንጋይ በድንጋይ በሆነ ተራራ ላይ ቀይ ላም ቆማ ስታዩ ማን አወጣት አትበሉ።

14 ሰው ከሆናችሁ ሚኒባስ ከነሹፌሩ ተከራይታችሁ ብትካፈሉ ይሻላል፤ የፈለጋችሁበት ትቆማላችሁ። ፑልናብሮን ላይ ቁሙ። ሁለት ሦስት ድንጋይ ቆሞ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተሸከመበት መቃብር ነው፤ ከ5000 ዓመት በላይ ሆኖታል። መግቢያ አይከፈልም። ሚኒባሱ ካልሆነላችሁ 350 ቁጥር የሕዝብ አውቶቡስ አለ፤ በኪንቫራና በባሊቮን አድርጎ ሞኸር ያደርሳል። ከጎልዌይ ስትነሱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። በግራ የተቀመጠ ሰው የጓደኛውን ጆሮ ሲያይ ይውላል።

ደግሞ አደራ፣ ድንጋይ እየደረደራችሁ ትንንሽ ካብ ለፎቶ አትሥሩ። ቱሪስቱ ሁሉ ይሄን ለምዶ መሬቱን እየገፈፈው ነው።

ሞኸር ያው ሞኸር ነው። ከፍተኛው ቦታ 214 ሜትር ነው። ግርማ ሞገስ አለው፣ ልብ ያስደነግጣል። ትኬቱን በኢንተርኔት ብትቆርጡ ይረክሳል። ከድንጋይ አጥሩ ወዲያ አንድ እርምጃ አትለፉ፤ ለፎቶ ብለው የቀሩ አሉ። ጃንጥላ አትያዙ፤ ንፋሱ ይገለብጠዋል። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመጣው።

እሁድ ኢኒሽ ሞር ደሴት። ከአራን ደሴቶች ትልቁ ነው። ከጎልዌይ ሮሳቪል ድረስ የጀልባው ድርጅት አውቶቡስ አለው፤ ከዚያ በጀልባ 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ኪልሮናን ወደቡ ላይ ብስክሌት ይከራያል። ሰዉ እርስ በርሱ የሚነጋገረው በአይሪሽ ነው፤ የመንገድ ምልክቱም በአይሪሽ ነው። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ዱን ኤንጉሳ የሚባል ጥንታዊ የድንጋይ ምሽግ አለ። ግማሽ ክብ ሆኖ ይዞርና በባሕሩ በኩል ጥርቅም ብሎ ገደል ይሆናል፤ ወደ 100 ሜትር ገደማ። እዚያ አጥር የለም። ጠርዙን ማየት የፈለገ በደረቱ ተኝቶ ነው የሚያየው።

እኔ ግን ኢኒሽ ሞር ላይ የምወደው ካቡን ነው። ደሴቲቱ ድንጋይ ናት። ሰዎቹ አፈር ስላልነበራቸው ከባሕር ዳር አሸዋና የባሕር አረም በጀርባቸው እየተሸከሙ አለቱ ላይ አንጥፈው ነው ማሳ የሠሩት። ከመሬቱ የለቀሙትን ድንጋይ ደግሞ ካቡት። ጭቃም ሲሚንቶም የለውም። በቀዳዳው ንፋስ ስለሚያልፍ አይወድቅም። ብዙው ማሳ በር የለውም። አንድ ሽማግሌ ሁለት ላሞች ከማሳ ወደ ማሳ ሲያሻግሩ አየሁ። ካቡን ከላይ ጀምረው ድንጋይ በድንጋይ እያወረዱ እግራቸው ሥር ደረደሩ። ላሞቹን አሳለፉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ያንኑ ድንጋይ በተራው እያነሱ፣ መልሰው ካቡት። አንዱን ድንጋይ ሁለቴ አገላብጠው አይተው ነው ያስቀመጡት። ቸኩለው አልነበረም።

ሲጨርሱ ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ አልኳቸው። አሁን የ77ቱን ድርቅ ሊያነሱ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ እዚህ አገር በዕድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ዘፋኙን ቦብ ጌልዶፍንና ለድርቁ ገንዘብ ያሰባሰበበትን ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ነው የሚያነሳልኝ። እሳቸው ቀነኒሳን አነሱ! በፈረንጅ 2002 ደብሊን ሌፐርድስታውን ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም ሲያሸንፍ ያዩትን አጫወቱኝ። ከዚያ የሲድኒውን 5000 ሜትር። የእነሱ ሶንያ ኦሱሊቫን ሁለተኛ፣ የእኛ ጌጤ ዋሚ ሦስተኛ የወጣችበትን። «ያቺ ልጅ ደህና ናት?» አሉኝ፤ ጌጤን ጎረቤቴ አድርገዋት።

ድርቅ ካነሳን ግን፣ እነሱም የራሳቸው ክፉ ቀን አላቸው። በፈረንጅ 1845 ድንች ላይ በሽታ ገባ። በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚሆን ሰው አለቀ፣ ሌላ አንድ ሚሊዮን ተሰደደ። በረን ስትሄዱ ተራራ ላይ ወጥቶ ወጥቶ የትም ሳይደርስ የሚያልቅ የድንጋይ መንገድ ብታዩ፣ ያ የረሃብ መንገድ ነው። የተራበውን ሰው ድንጋይ አስፈልጠው፣ መንገድ አሠርተው ነበር የቀን ሳንቲም የሚሰጡት። እኛ አገር ምግብ ለሥራ እንደሚባለው። ልዩነቱ እነዚህ ብዙዎቹ መንገዶች ለማንም አይጠቅሙም ነበር። የእኔ የቱር መሪ ይሄን አልነገረኝም፤ አብራኝ የምትሠራ የክሌር ገበሬ ልጅ ናት ያሳየችኝ። ሹፌራችሁ የአካባቢው ሰው ከሆነ ጠይቁት፤ ያውቀዋል።

ቆሎ በኪሴ፦

ተሸነፍኩ። ጌጤ ደህና ናት በያቸው።

የደጀን ልጅ፦

እህቴ፣ አንቺ ቱር መሪ ሁኚ፤ ሥራሽን ልቀቂ። ዋትሳፕ ላይ በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ለጠፍኩት። የላሙን ነገር ብራዚላዊው ወዶታል፤ አያቱ ከብት አላቸው። ጾሙስ?

ጎልዌይ ያለችው፦

አዎ፣ ኩሽና ያልኩህ ለእሱ ነው።

ሜኑ ላይ ጾም የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ነገሮች አሉ። ሶዳ ብሬድ የሚሉት ቡናማ ዳቦ በአሬራ ነው የሚለወሰው። ቻውደር ሾርባ ክሬም አለው። ቺፕስ እንኳን አትመን፤ አንዳንድ ቤት የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። በዘይት ነው ወይ ብለህ ጠይቅ፤ አይቀየሙም። ቪጋን ነኝ በላቸው፤ ሁዳዴን ከማስረዳት ይቀላል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ እንዳትከፍተው፤ እስከ ትንሣኤ አያልቅም።

ጎልዌይ ከተማ ውስጥ ፈላፍል አይጠፋም። ችግሩ ገጠሩና ደሴቱ ነው፤ በማርች ብዙው ምግብ ቤት ገና አልተከፈተም። ስለዚህ በሶ ያዝ። ደብሊን በሶ ያለው ሰው አይጠፋም፤ ጠይቅ። ጠዋት ጨብጠህ፣ ጭብጦህን በላስቲክ ጠቅልለህ ኪስህ ውስጥ ክተት። ዱን ኤንጉሳ ላይ፣ በዚያ ንፋስ፣ ከሱ የሚሻል ነገር የለም። ሰባት ዩሮ ሳንድዊች ከሚገዛው አሜሪካዊ ትቀድማለህ።

ቅዳሜ ማታ ሽሮ ሥራ። ዱቄቱን ይዘህ ና፤ ሽንኩርትና ዘይት እዚህ ግዛ። አንድ ነገር ግን ልምከርህ፤ ለአንድ ሰው ብለህ አትሥራ። የሆስቴል ኩሽና ውስጥ ሽሮ ሲንተከተክ ሸታ ሸታ አድርጎ የማይመጣ ተማሪ አላየሁም። ለ14 ሰው ሥራ፤ ወጪውን ተካፈሉ፤ የሁሉም ሰው እራት በርካሽ አለቀ ማለት ነው። እንጀራ ባይኖር በሩዝ ይበላል። አትፍረድብኝ።

የድንጋይ ተማሪ፦

በድንጋይ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የበረን ስንጥቆች ጥልቀት አላቸው፤ ሣር ይሸፍናቸውና አይታዩም። ኖራ ድንጋይ በዝናብ ትንሽ አሲድ እየሟሟ ነው እንደዚያ የተሰነጠቀው። ሲረጥብ ደግሞ ሳሙና ነው። ነጭ ስኒከር ያደረገ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይመለሳል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ፣ ትርፍ ካልሲ። ስልክ እያያችሁ አትራመዱ።

ቆሎ በኪሴ፦

ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ከሌለህ ውድ አትግዛ። ፔኒስ የሚባለው ርካሽ ልብስ መደብር ግባ። ለሁለት ቀን ይበቃሃል።

የደጀን ልጅ፦

ድምፁ አለቀ፤ ጎልዌይ ሆነ። ሚኒባስ ዋጋ እየጠየቅን ነው። ሽሮውን ቃል ገብቻለሁ። የጀልባ ትኬት አሁን ይቆረጥ ወይስ እዚያው?

ጎልዌይ ያለችው፦

አሁን ቁረጥ፤ በዚህ ወቅት በቀን ብዙ ጉዞ የላቸውም። ግን ቅዳሜ ማታ የአየሩን ሁኔታ እይ። ማዕበል ካለ ጀልባው ይቀራል፤ ገንዘቡን ስለመመለስ ስትቆርጥ አንብብ። ከቀረ ወደ ኮነማራ በአውቶቡስ ሂዱ፤ ተራራና ሐይቅ ነው፤ እሁዱ ባዶ አይቀርም። ባሕር የማይስማማው ሰው ካለ ከውጭ፣ ከኋላ በኩል ይቀመጥ።

ደግሞ ያ እሁድ የማርች የመጨረሻው እሁድ ነው። ሌሊቱን ሰዓት በአንድ ወደፊት ይሄዳል። ስልክ ራሱ ይቀይራል። የእጅ ሰዓት አምኖ የሚተኛ ሰው ጀልባው ያመልጠዋል።

የደጀን ልጅ፦

የእጅ ሰዓት የሚያስረው ብራዚላዊው ብቻ ነው። እሱን እኔ እቀሰቅሰዋለሁ።